በባቢሎን አራት ነበሩ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንና ስለ ኅብረታቸው



ትንቢተ ዳንኤል ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስታውሰው የአንበሶቹን ጕድጓድና የእሳቱን እቶን ነው። ሠለስቱ ደቂቅን በሥዕልም በዜማም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው በእሳትም በአንበሳም ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። ንጉሥ ናቡከደነፆር ከይሁዳ ምርኮኞች መካከል ነውር የሌለባቸውን፣ አስተዋዮቹንና ዕውቀት የሚገባቸውን ወጣቶች አስመርጦ፣ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ አዘዘ (ዳን. 1፥3-5)። ቀለባቸውም ከንጉሡ ማእድ ተቈረጠላቸው። በዛሬ አነጋገር የመንግሥት ምደባ፣ ዶርምና ካፌ ማለት ነው። የት እንደሚማሩ አልመረጡም፤ ምን እንደሚማሩም አልተጠየቁም። ስማቸው ሳይቀር ተለወጠ።

እነዚህ ወጣቶች ትምህርቱን እንዳልጠሉት ልብ ልንል ይገባል። የባዕድ ቋንቋ ነው፣ የአሕዛብ ጥበብ ነው ብለው አልሸሹም፤ ተግተው ተምረው በፈተናው ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ዐሥር እጅ ልቀው ተገኙ (1፥20)። እንቢ ያሉት ማእዱን ብቻ ነው። እርሱንም ቢሆን በቍጣና በክርክር ሳይሆን፣ ዳንኤል አለቃውን በትሕትና ለምኖ የዐሥር ቀን ሙከራ እንዲሰጣቸው በመጠየቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛን የሚስበን በምዕራፍ ሁለት ያለው ነው። ንጉሡ የባቢሎን ጠቢባን በሙሉ ይገደሉ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ዳንኤል ጭንቀቱን ለብቻው አልያዘም። ወደ ቤቱ ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ የሰማይን አምላክ ምሕረትም አብረው ለመኑ። ጸሐፊው በዚያች ቤት ውስጥ ያሉትን ጓደኞች ሲጠራ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ አይላቸውም፤ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ይላቸዋል (2፥17)። በቤተ መንግሥቱ መዝገብ የሰፈረው ስም ሌላ ነው፤ በቤት የሚጠሩበት ግን እናት አባታቸው ያወጡላቸው ነው። የካቶሊክ ተማሪዎች ኅብረት ምን እንደሆነ የሚጠይቀን ቢኖር ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። በመታወቂያ ቍጥሩ የሚታወቀው ተማሪ በክርስትና ስሙ የሚጠራባት ቤት ናት።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ጥቂት እንግለጥ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ከፍተኛ ትምህርት በአንድ ከተማ የሚገኝ፣ የጥቂቶች ዕድል ነበር። (የመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን እንደነበሩ፣ እነርሱም በስብከት ሳይሆን በመምህርነታቸው ብቻ ምስክር ሆነው እንዳገለገሉ ይታወሳል።) ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ከሶዶ የተነሣው ወጣት ባሕር ዳር፣ ከዓዲግራት የተነሣችው ጅማ፣ ከእምድብር የተነሣው ሐሮማያ ሊመደብ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቈጠራ እንዳሳየው እኛ ካቶሊካውያን ከሀገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አንሞላም፤ 0.7 በመቶ ያህል ነን። ስለዚህ ከቁምስናው ወጥቶ የማያውቅ ወጣት ድንገት በአንድ የዶርም ሕንጻ ውስጥ ብቸኛው ካቶሊክ ሆኖ ራሱን ቢያገኘው አይደንቅም።

በዚህ ጊዜ እምነቱን በክርክር ተሸንፎ የሚተው ብዙ አይመስለንም። ወላጆች የሚፈሩት የፍልስፍናውን መጽሐፍና የመምህሩን ጥያቄ ነው፤ እኛ የምንፈራው ግን ሌላ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንዳለ አያውቅም። በሁለተኛው ልብሱን ያጥባል። በሦስተኛው የሰኞ ፈተና አለበት። በአራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለመሄዱ እንግዳ ነገር መሆኑ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው እንኳ ወዴት ጠፋህ ብሎ አልጠየቀውም። ጌታችን ስለ ጠፋው በግ ባስተማረው ምሳሌ (ሉቃ. 15፥4) እረኛው በየሸለቆው መንከራተቱን ሁላችንም እናደንቃለን፤ ነገር ግን ከመቶው አንዱ እንደጐደለ ያወቀው አስቀድሞ ስለ ቈጠረ መሆኑን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ያልተቈጠረ በግ አይጠፋም፤ ጠፋ የሚለው የለምና። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ኅብረቶች በቴሌግራም የሁለት መቶና የሦስት መቶ ተማሪ ዝርዝር አላቸው። መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባለፉት ሦስት እሑዶች ያልታየው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ዝርዝሩ ስልክን እንጂ ሰውን አልቈጠረም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ የሚያስቀና ልማድ ነበራቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ወደማያውቀው ሀገር ሲሄድ ዘመድ አልነበረውም። ማደሪያው በየኔታ አጠገብ የተቀለሰች ጎጆ፣ ምግቡም ከየደጃፉ የለመነው ቍራሽ ነበር። ውሻ ያሳድደዋል፤ ብርዱም ይፈትነዋል። ቢሆንም የተማሪውን ድርሻ ከእንጀራቸው ለይተው የሚያስቀምጡ እናቶች አልጠፉም፤ በእመቤታችን ስም የሚለምነው ድምፅ የቀረ እንደሆነም ልጁ ታሞ ይሆን ብለው ይጠይቁ ነበር። ተማሪ የመንደሩ ሁሉ ልጅ ነው ይባል የነበረውም ለዚህ ነው። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ እውነትን ፍለጋ ከሊቅ ወደ ሊቅ ሲዞር ያለፈው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ኋላም ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ ከአቡነ ያዕቆብ፣ ጋር በጓላ ትምህርት ቤት ወጣቶችን ሲያስተምር ሊቅነቱን ከኅብረት ኑሮ አልለየውም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ግቢ ጉባኤና የወንጌላውያን ፌሎሺፕ አዲሱን ተማሪ በመናኸሪያና በግቢው በር ተቀብለው ሻንጣውን ሲሸከሙለት፣ ዶርሙን ሲያሳዩት፣ ውኃ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ሲነግሩት እናያለን። ይህ ሊመሰገን የሚገባው የፍቅር ሥራ ነው፤ በቅናት ዐይን ሊታይ አይገባም። የእኛ ወጣት ከእነርሱ ጋር ወዳጅ ቢሆን ደስ ይለናል። ነገር ግን የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ልጆችም በዚያው በር ላይ ቢቆሙለት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ብዙ ነገር ይድናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ የጸሎቱና የትምህርተ ክርስቶሱ ቦታ ከግቢው ውጭ በቁምስናው ይሁን። ሻንጣ መሸከምን ግን የሚከለክል ሕግ የለም።

አሁን ብዙም ወደማይነገርለት ጉዳይ እንምጣ። የሶዶ፣ የሆሳዕና፣ የሐዋሳ፣ የጅማ-ቦንጋ፣ የመቂ፣ የነቀምቴና የሐረር ምእመናን የሚያስቀድሱት በላቲን ሥርዓት ነው፤ የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራት፣ የእምድብርና የባሕር ዳር-ደሴ ምእመናን ደግሞ በግእዝ ሥርዓት። በመንግሥት ምደባ ምክንያት እነዚህ ሁለት ወንዞች በየዩኒቨርሲቲው ከተማ ይገናኛሉ። ከሶዶ መጥቶ ባሕር ዳር የገባው ተማሪ በመጀመሪያው እሑድ ብዙ ተቸግሮ ቤተ ክርስቲያኑን ካገኘ በኋላ፣ ቅዳሴው በግእዝ ዜማ ሲጀመር መቼ እንደሚሰግድ፣ መቼ እንደሚመልስ አያውቅም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲመልስ እርሱ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዓዲግራት ጅማ የሄደችው እኅቱ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ትቸገራለች፤ ገና ልብዋን ሳትሰበስብ ቅዳሴው ያበቃባታል። ሁለቱም ወደ ዶርማቸው ሲመለሱ፣ ይህ የእኔ ቤተ ክርስቲያን አይደለም የሚል ሐሳብ ቢያድርባቸው ልንፈርድባቸው አይገባም። የነገራቸው የለምና።

ስለዚህ እንንገራቸው። የ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ የምሥራቁም የምዕራቡም ሥርዓቶች በክብር እኩል እንደሆኑ አስተምሯል። በማንኛውም የካቶሊክ ሥርዓት ያስቀደሰ ሰው የሰንበትን ግዴታ ፈጽሟል፤ ቅዱስ ቍርባንንም በማንኛውም የካቶሊክ ሥርዓት መቀበል ይችላል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሙሉ በሌላው ሥርዓት ምሥጢራትን ቢቀበልም ከተጠመቀበት ሥርዓት እንደወጣ አይቈጠርም። ይህን ማወቅ ከብዙ የኅሊና ጭንቀት ያድናል። ማወቁ ብቻ ግን አይበቃም። ቁምስናው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለይቶ፣ አንድ ዲያቆን ወይም መዘምር የቅዳሴውን ተሰጥዎ ከአማርኛ ትርጕሙ ጋር ለአዲሶቹ ቢያስጠና፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንግዳው ቤተኛ ይሆናል። እንግዳውም በተራው ከሀገሩ ያመጣውን መዝሙር እንዲዘምር ዕድል ይሰጠው። ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሥርዓቶች መጸለይዋን ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መማር ይሻላል፤ ይህን ዕድል ደግሞ ከማንም በላይ ያገኙት ተማሪዎቻችን ናቸው።

የጾሙም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች አንዱ የሌላውን ሳህን ያያል። ረቡዕ ቀን ሥጋ ያለበት ወጥ ያነሣውን ካቶሊክ ጓደኞቹ ለመሆኑ አንተ ክርስቲያን ነህን ብለው ቢጠይቁት፣ መልሱ በሥርዓቶች መካከል ስላለው የጾም ልዩነት ረጅም ማብራሪያ መስጠት ብቻ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መብል ለሮም ሰዎች ሲጽፍ (ሮሜ 14) የተፈቀደልንን ሁሉ ማድረግ ሁልጊዜ ፍቅር እንዳልሆነ ያስረዳል። በጾም ቀን ከዶርም ጓደኞቹ ጋር በሽሮው የሚተባበር ተማሪ ከሥርዓቱ አልጐደለም። የዳንኤልና የጓደኞቹ የዐሥር ቀን ምግብም ጥራጥሬና ውኃ እንደነበረ አንርሳ።

ኅብረቱ ለመዝሙርና ለሻይ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ግን ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ የሆነውን እንመልከት። ፍሬዴሪክ ኦዛናም የሕግ ተማሪ ነበር። በተማሪዎች የውይይት ማኅበር ውስጥ ስለ ክርስትና ያለፈ ታላቅነት አጥብቆ ሲከራከር፣ የማያምኑ ጓደኞቹ ያ ሁሉ የትናንት ነው፤ ዛሬ ግን እናንተ ምን ትሠራላችሁ ብለው ጠየቁት። ጥያቄው የሚያሳፍር ነበር፤ ወጣቶቹም ሌላ የመከራከሪያ ሐሳብ በመፈለግ ጊዜ አላጠፉም። ሚያዝያ 23 ቀን፣ ኦዛናም ሃያ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ስድስት ተማሪዎች ኢማኑኤል ባዪ ከተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ ጋር ተሰበሰቡ። ባዪ በዕድሜ የሚበልጣቸው ባለትዳር ምእመን ሲሆን ለስብሰባቸው የጋዜጣውን ክፍል ሰጣቸው። ሆኖም ድኾችን እንዴት እንደሚጐበኙ ከቶ አያውቁም ነበር። ያስተማረቻቸው በሙፍታር ሰፈር የምታገለግል የፍቅር ልጆች ማኅበር እኅት ሮዛሊ ራንዱ ናት። የሚጐበኟቸውን ቤተ ሰቦች ለየችላቸው፤ የዳቦና የማገዶ መቀበያ ካርድ ሰጠቻቸው፤ ወደ ድኻ ቤት እንዴት እንደሚገባም አሳየቻቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምናውቀው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ኦዛናምን እ.ኤ.አ. በ1997፣ እኅት ሮዛሊን ደግሞ በ2003 ብፁዓን ብለው ሰይመዋቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ደጋግመን የምናስበው ስለ ስድስቱ ተማሪዎች ሳይሆን ስለ ክፍሉና ስለ እኅቲቱ ነው። ተማሪዎቹ በማንኛውም ዘመን አይጠፉም። አንድ ክፍል የሚሰጥ አባወራ፣ ድኾችን በስማቸው የምታውቅ አንዲት እኅት ባይኖሩ ግን የስድስቱ ቅን ሐሳብ በፈተና ሰሞን ይበተን ነበር። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፣ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ተማሪዎችን ቤታችሁ ጠርታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ብታበሉአቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አትገምቱትም። የካፌ እንጀራ የበላ ልጅ የቤት እንጀራ ሲያይ የሚሰማውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደናግል እኅቶቻችንም ወደ ሕሙማኑና ወደ አረጋውያኑ ስትሄዱ ከተማሪዎቹ አንዱን ወይም አንዲቱን አስከትሉ። ቅዱስ ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ በቶሪኖ ፖሊቴክኒክ የማዕድን ምሕንድስና ሲማር በየድኻው ደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በ24 ዓመቱ ሲያርፍ የቀብሩን መንገድ የሞሉት ቤተ ሰቡ የማያውቃቸው ድኾች ነበሩ። መስከረም 7 ቀን 2025 ር.ሊ.ጳ. ሊዮን ዐሥራ አራተኛ ቅድስናውን አውጀዋል።

ይህ ሁሉ የአንዳንድ ቁምስና በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ካቶሊካዊ ባልሆኑ ዩኒቨርሲቲዎችም አጠገብ ለተማሪዎች ማደሪያና ማእከል እንዲኖር፣ በጥንቃቄ የተመረጡና የተዘጋጁ ካህናት፣ ደናግልና ምእመናንም እንዲመደቡ አሳስቧል። በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና በቍጥር 813 ይህንኑ የጳጳሱ ኀላፊነት ያደርገዋል፤ በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በዚሁ መንፈስ ይደነግጋል። ሕንጻ ለመሥራት አቅም የሌለው ሀገረ ስብከት በስሙ የሚታወቅ፣ በየዓመቱ የማይለዋወጥ አንድ ካህን በመመደብ ሊጀምር ይችላል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም የምንለው አለን። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በብሔር ስም በተነሡት ግጭቶች የሞቱ ተማሪዎች አሉ፤ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ወላጆቻቸው የሸሹም ብዙዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የዶርም ጓደኛን ከጥቃት መሸሸግ ወይም አሳልፎ መስጠት የአንድ ሌሊት ውሳኔ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚዘጋጀው ግን ግጭት በሌለበት ሰሞን ነው። ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢጸልዩ መልካም ነው፤ በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን በየቋንቋቸው አናግሯቸዋልና። ዳሩ ግን ወላይታው ለብቻ፣ ጉራጌው ለብቻ፣ ኢሮቡ ለብቻ፣ ከምባታው ለብቻ ተቀምጦ የሚወጣበት ኅብረት የክርስቶስን ሥጋ ከተቀበለ በኋላ ወደየጐሣው የሚመለስ ኅብረት ነው። የጥናት ቡድናችሁን፣ የጕብኝት ጓዳችሁን፣ የኅብረቱን ኮሚቴ ሳይቀር ሆን ብላችሁ ቀላቅሉ። ኅብረቱን የትዳር ጓደኛ መፈለጊያ ብቻ ያደረጉትንም ታውቋቸዋላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው እንላለን፣ ግን ቀሪውንም ሥራ ይርዱ።

በተለይ ለውጤት ስለሚጨነቁት አደራ እንላለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በሬሜዲያል የገቡ ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ግማሽ እንግዳ ሆነው ሲኖሩ ይታያሉ፤ ያለፉት ይቀጥላሉ፣ ያላለፉት ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በኅብረቱ ውስጥ ግን ግማሽ አባል የሚባል የለም። ተሸኝቶ የሚሄደው ተመራቂው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ውጤት ያልመጣለትን ልጅ ማንም ሳያየው በሌሊት አውቶቡስ እንዳይሄድ፣ ሁለት ጓደኞች እስከ መናኸሪያ ይሸኙት፤ ወደ ቁምስናውም ይደውሉለት።

በመጨረሻ ለቆሞሳት ሁሉ የምናቀርበው ልመና የጥንት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ፌቤን ወደ ሮም በሄደች ጊዜ እንዲሁ አልሰደዳትም፤ ማን እንደሆነች፣ በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን ምን ታገለግል እንደነበረ ገልጦ፣ በሚያስፈልጋት ሁሉ እንዲረዷት ጻፈላቸው (ሮሜ 16፥1-2)። የዘንድሮው ምደባ እንደተገለጸ ከየቁምስናችሁ የሚሄዱትን ተማሪዎች ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት አቁማችሁ ባርኩ፤ ወጣቱ ሲፈቅድም ለሚቀበለው ቁምስና አጭር ደብዳቤ ጻፉለት። የክርስትና ስሙ፣ የመጣበት ቁምስና፣ ሥርዓቱ፣ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲና የስልክ ቍጥሩ ይበቃል። አንድ መስመር ብቻ ጨምሩ፤ በቤተ ክርስቲያን ምን ያገለግል እንደነበረ ይጻፍ። መዘምር ነበረ፣ ሕፃናትን ያስተምር ነበረ፣ ወይም ደወል ይደውል ነበረ ይባል። ተቀባዩ ቁምስናም በመጀመሪያው እሑድ የደወሉን ገመድ ያስጨብጠው።